የአዮ ድምፅ ይዘገያል ላሉት እትዬ ዝምታ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ የእትዬ ዝምታ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ኬክ አለ ሲባል ሰምታችሁ ከታችኛው ፎቅ ብቅ ያላችሁ ጎረቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህን የጡረታ ሽኝት ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት አንደበቴ አምሮ አይደለም። «ለምን እኔ?» ብዬ ዳይሬክተራችንን ስጠይቃቸው፣ «ሌላው ሰው ገና ሲጀምር ያለቅሳል። አንተ ግን ከእትዬ ጋር ስትከራከር ስለኖርክ ትጨርሰዋለህ» አሉኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አልለየሁትም።

እትዬ ዝምታ እዚህ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት የመጡ ዕለት እኔም ገና አዲስ ነበርኩ፤ ወረቀት ላቀብል ቢሮው ውስጥ ቆሜ ነበርና ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የያኔው ዳይሬክተር አዲስ ሠራተኛ ሲቀበሉ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ትልቁ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ነበር። እትዬ ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ «ተቀመጪ» ሲባሉ ሳይቀመጡ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ቀሩ።

«ምነው፣ ያፈሳል እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አይ፣ አምፖሉ ይጮኻል።»

«የኔ አምፖል?»

«የእርስዎም፣ የኮሪደሩም። እዚህ ግቢ ውስጥ ሆኖ ከሰማይ የሚመጣ ነገር እንዴት ይሰማል?»

ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነበሩና አጠፉት። የቅጥር ደብዳቤውንም መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። በሁለተኛው ቀን የሰው ኃይል ክፍል፣ ይህ ፊርማ የዳይሬክተሩ አይመስልም ብሎ መለሰው። እንደገና ተጽፎ፣ በመብራት ተፈረመ። ስለዚህ እትዬ ዝምታ በዚህ ቤት ታሪክ ሁለት ጊዜ የተቀጠሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ጡረታ መውጣታቸው አድልዎ ነው የሚሉ አሉ።

«ዝምታ» የሚለው ስማቸው የወጣው ያን ሳምንት ነው። ዝምተኛ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤታቸው ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ምስክርነት እየሰጡኝ ነው። ስሙ የወጣላቸው ሌላውን ዝም ስለሚያሰኙ ነው። ሌላው ስል ደግሞ ሰውን ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣውን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ ሊፍቱን ጭምር ነው።

የማቀዝቀዣው ጉዳይ ለብቻው ንግግር ይወጣዋል። እትዬ ከሰማይ የሚመጣውን በሚያዳምጡበት ምሽት ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር በሚያዳምጡበት ሽቦ ላይ ይንጫጫባቸዋል። መንቀሉን አይረሱም። መልሶ መሰካቱን ግን ይረሱታል። ወተታችን ረግቶ ሲገኝ ዝም አልን። የሒሳብ ሹሟ ለልደቷ ያስቀመጠችው አይስክሬም ቀልጦ ወለሉ ላይ ሲገኝ ግን ነገሩ ከረረ። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ብላ ስትጮህ፣ እትዬ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ጨረቃዋ ናት» አሏት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የጨረቃዋ ተራ መቼ እንደሆነ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል። ዛሬ የፅዳት ሠራተኛችን ሳትቀር፣ «ነገ ማታ ተራዋ ነው፤ ሥጋ እንዳታስቀምጡ» ትለናለች።

ሊፍቱንም አንድ ምሽት እንዲሁ አጠፉት። ውስጡ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ነበሩ፤ እነሆ እዚያ ጥግ ቆመዋል። ከውስጥ ቢደበድቡ፣ እትዬ ወደ በሩ ተጠግተው መጀመሪያ ያሏቸው ነገር፣ «እባክዎ ቀስ ብለው ያንኳኩ፣ አሁን እየጀመረች ነው» የሚል ነበር። እሳቸውም ይቅር ብለዋቸዋል። ቢያንስ እስከ ዘንድሮ ድረስ ይቅር ያሏቸው ይመስለን ነበር፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ለቤተሰቦቻቸው አንድ ነገር ላስረዳ። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ትንሽ ሳለች አስተማሪዋ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ስትጠይቃት «ጨረቃ ትጠብቃለች» ብላ መለሰችና ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። መልሱ ትክክል ነበር። የጎደለው የትኛዋን ጨረቃ የሚለው ብቻ ነው።

ጁፒተር የሚባለው ግዙፍ ፕላኔት የማግኔት መስክ አለው። መስኩ ከራሱ ከፕላኔቱ እጅግ ሰፍቶ፣ አብሮት ይሽከረከራል። ፕላኔቱ ደግሞ ችኩል ነው፤ በራሱ ዙሪያ አንዴ ለመዞር አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላበትም። በዚህ መስክ ውስጥ አዮ የምትባል ጨረቃ አለች። መጠኗ የእኛን ጨረቃ ያህላል፤ ግን የእኛዋ ቀዝቅዛ ስትቀር አዮ ሆዷ እሳት ነው። ጁፒተር በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ ጨረቃዎች በሌላ በኩል እየጎተቱ ስለሚያሿት ውስጧ ይቀልጣል። ላይዋን እሳተ ገሞራ ሞልቶታል፤ የድኝ ጋዝ ስትተፋ ውላ ታድራለች። ከዚህ ጋዝ የተወሰነው ያመልጣታል፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ የጁፒተር ማግኔት ያን ጊዜ ለቀም አድርጎ ይዞት ይሮጣል። ይህ ሲጠራቀም በፕላኔቱ ዙሪያ፣ በአዮ መንገድ ላይ፣ ትልቅ የጋዝ ቀለበት ይሠራል። አዮ በዚህ ሁሉ መካከል ስታልፍ በእሷና በጁፒተር ዋልታዎች መካከል ኮረንቲ ይፈስሳል። ዋልታው ጋ ሲደርስ ብርሃን ያበራል፤ የሬዲዮ ድምፅም ያወጣል። እኛ የምንሰማው ያን ድምፅ ነው።

የምንሰማውም ግቢያችን ውስጥ በእንጨት ምሰሶዎች መካከል በተዘረጋው ሽቦ ነው። የልብስ ማስጫ መስሎት ፎጣውን ያሰጣበት ዘበኛ ነበረን፤ እትዬ በዚያ ሳምንት ጁፒተር ለምን እንደተዳከመ ብዙ አስበውበታል። ድምፁ አንዳንዴ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚመታ ማዕበል ይመስላል፤ አንዳንዴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደተበተነ ጠጠር ነው። አዮ በአንድ በኩል ስትሆን ይመጣል፣ ስታልፍ ያቆማል። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ አንድ ቀን፣ «ማታ ማታ 'የት ደረሰች?' ትላለች እንጂ 'የት ደረስክ?' ብላኝ አታውቅም» ብለው አጫውተውኛል።

እንግዲህ ጠባችን እዚህ ላይ ነው። እኔ የአዮን እሳተ ገሞራዎች ሙቀት በሚያይ ካሜራ የምከታተል ሰው ነኝ። እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። እሳቸው የሚሉት ይህን ነው፤ እሳተ ገሞራው በኃይል ሲፈነዳ ቀለበቱ ይወፍራል። ቀለበቱ ከወፈረ፣ ከአዮ ወደ ዋልታው የሚሄደው መልእክት በወፍራም ነገር ውስጥ ማለፍ አለበትና ይዘገያል። ስለዚህ ድምፁ ከተለመደው ሰዓቱ ዘግይቶ ይመጣል። በጥቂት ደቂቃ፣ ግን ይዘገያል። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ይሄማ ምን ያከራክራል? መንገድ ሲጨናነቅ አውቶቡስ ይዘገያል» ብለው ፈረዱ። እኔ ደግሞ፣ መንገዱ ላይ የተጨመረው አንድ ብስክሌት ቢሆንስ ባይ ነኝ። ቀለበቱ ጋዝ እንደሚቀበል ሁሉ ያፈሳል። ድምፁ በሌላም ምክንያት ይቀድማል፣ ይዘገያል። መዘግየቱ ቢኖር እንኳ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል።

በዚህ ጉዳይ ኩሽና ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ በሌሎች ሰዎች ሠርግ ላይ ተከራክረናል። ምሳ ላይ ጨው ያቀብሉኝ ስላቸው «መጀመሪያ ይዘገያል በል» ይሉኛል። ስንት ጊዜ አልጫ በልቻለሁ። ነገሩን መፍታት የሚቻለው ትልቅ ፍንዳታ ሲገኝ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደፈለጉት አይመጣም። አንድ ጊዜ መጣ፣ ጁፒተር ከፀሐይ ኋላ ተደብቆ ነበር። ሌላ ጊዜ መጣ፣ ነፋስ ምሰሶዎቹን ጥሎብን ነበር። እትዬ ምሰሶ ይዘው ጭቃ ውስጥ ቆመው ወደ ሰማይ ያዩት አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን የምናገረውን ባልናገር ራሳቸው ተነሥተው ስለሚናገሩት ልቅደማቸው። አንድ ዓመት ድንቅ የሆነ ድምፅ አገኙ። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ አዮ ልክ ቦታዋ ላይ ስትሆን ከች ይላል። ጥርት ያለ፣ የማይዛነፍ። ጽሑፍ አዘጋጁ፣ ትልቅ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርቡት ተጋበዙ። እኔም ጥፋት ፈልጌ አጣሁበት።

ነገሩ ይህ ነው። አዮ ጁፒተርን አራት ጊዜ ዞራ ስትጨርስ አንድ ሳምንት ሞልቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ስለዚህ ምድር ላይ በየሳምንቱ የሚደረግ ማንኛውም ነገር፣ ለጥቂት ጊዜ የአዮ ሥራ ይመስላል። ሳምንታት ሲያልፉ የጨረቃዋ ተራ እየተንሸራተተ ሄደ፤ ድምፁ ግን ሐሙስ ምሽት ላይ እንደተተከለ ቀረ። እትዬ ይህን ራሳቸው አዩት። ማንም አልነገራቸውም። ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ይዘው መንገዱን ተሻገሩና በየሱቁ በር እየቆሙ አዳመጡ። ፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ሐሙስ ሐሙስ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ዓርብ ያስረክባል። የስፌት መኪናው ሞተር አርጅቶ ብልጭታ ይረጫል። ያ ነበር።

ጽሑፉን በዝምታ መሰረዝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ጉባኤው ድረስ ሄዱ፣ መድረክ ላይ ወጡና፣ «ያዳመጥኩት ጁፒተርን አልነበረም፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ነበር» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ ሌላው ሰው እንዳይሳሳት እንዴት እንደተሳሳቱ አንድ በአንድ አስረዱ። ሲመለሱ ኩሽና ውስጥ አገኘኋቸው። «ምን ሆነው ነው ቶሎ ያላዩት?» አልኳቸው። «በጣም ስለፈለግሁት ሰዓቱን ሳላይ ቀረሁ» አሉኝ። ልብስ ሰፊውም ወዳጃቸው ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የለበሱት ቀሚስ የእሱ የእጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ካሜራዬ አዮ ላይ አንድ ትልቅ ብርሃን አሳየኝ። እስከዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ምስሉን ይዤ እትዬ ክፍል ገባሁና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ትልቅ ነው» አሉ።

«ትልቅ ነው» አልኩ።

በምንም ጉዳይ እንዲህ ቶሎ ተስማምተን አናውቅም። ጁፒተር ሰማዩ ላይ ጥሩ ቦታ አለ፣ ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ማቀዝቀዣውም ተነቅሏል። ነገር ግን ከእሳተ ገሞራው የወጣው ጋዝ ወደ ቀለበቱ ገብቶ እስኪያወፍረው ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈጃል። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን አዩ። ሁላችንም የጡረታቸውን ቀን እናውቀው ነበር። ዕድሜያቸውን የሰጡለት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ወንበራቸው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ዳይሬክተራችን የጡረታቸው ቀን ጥቂት እንዲራዘምላቸው ለመኑ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው፣ «እሳተ ገሞራ የሚል አንቀጽ የለውም» አሉ። የሊፍቱ ቂም ነው ያለ አለ፤ እኔ አላልኩም። ዳይሬክተሩ ግን ዘዴ አላጡም። የእንግዳ ካርድ አሠሩላቸው፤ ፎቶ ያለው፣ በፈለጉት ሰዓት እየመጡ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡበት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ባለንበት ሰጧቸው፤ አጨበጨብን።

እትዬ ካርዱን አዩት፣ ፎቷቸውን ትንሽ ነቀፉት፣ ከዚያ መልሰው ለዳይሬክተሩ ሰጡ። የተናገሩትን ቃል በቃል ልድገመው፤ ቤተሰቦቻቸውም ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

«እኔ አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዲዘገይ። ይህን ያህል ከፈለግሁት ባይዘገይም ዘገየ እላለሁ። እሱ ያዳምጥ» አሉና በማንኪያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ አይፈልገውም። እሱ ዘገየ ካለ በእውነት ዘግይቷል።»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ተማሪ ሆንኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እንዳዳምጥ አደረጉኝ። «ምን ሰማህ?» ሲሉኝ «አዮ መሰለችኝ» ካልኩ፣ «ያሰብከውን አልጠየቅሁህም፤ የሰማኸውን ንገረኝ» ይሉኛል። ማቀዝቀዣን ከሞተር ብስክሌት፣ የሩቅ መብረቅን ከጎረቤት ማብሰያ መለየት ተማርኩ። ባለቤቴ ሰሞኑን የቤታችንን መብራት ለምን እየዞርኩ እንደማጠፋ ጠይቃኛለች። አሁን እዚህ ስላለች መልሱን ሰምታለች።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ ነው።

ካሜራዬ ተበላሽቶ በቆመበት ዓመት ሥራዬ እንዲዘጋ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የእኔ ወዳጆች ነን የሚሉት ሁሉ ጫማቸውን ሲያዩ፣ እጅዎን ያነሡት እርስዎ ብቻ ነበሩ። «የሚከራከረኝ ሰው ካጣሁ ስሳሳት ማን ይነግረኛል?» አሉ። ካሜራው ተጠገነ። ዘንድሮ ያንን ፍንዳታ ያየሁት በዚያው ካሜራ ነው። አንድም ቀን አስታውሰውኝ አያውቁም፤ እኔም አንድም ቀን በወጉ አላመሰገንኩዎትም። አመሰግናለሁ። ለዚያም፣ ለተከራከርንባቸው ምሳዎችም፣ አኩርፈው ስለማያድሩም። እናት፣ ሚስት፣ እህት አድርጎ ለሚያውቅዎ ቤተሰብዎም ምስጋና ይድረሰው፤ ስንት ምሽት እንዳካፈለን እናውቃለን።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ሳልነግርዎ ከዚህ ክፍል አይወጡም። እርስዎ የመረጡኝ ስለማልፈልገው ነበር። እነዚህን ሳምንታት አጠገብዎ ስቀመጥ፣ ሽቦው ውስጥ ያ ጠጠር መሰል ድምፅ ሲጀምርና እርስዎ ትንፋሽዎን ሲይዙ ሳይ፣ ነገሩ ተበላሸብኝ። ፈለግሁት። እንዲዘገይ ፈለግሁ። ዛሬ ጠዋት ወንበርዎን ሳስተካክል ለራሴ አመንኩ። በዚህ ቤት ውስጥ የማይፈልገው አንድ ሰው ነበረ፤ እሱንም አጣነው።

ስለዚህ ራሴን አላምንም። የምቀዳውን ሁሉ ቀኑን ሸፍኜ፣ መቼ እንደተቀዳ ለማያውቅ ሰው እሰጣለሁ፤ ሰዓቱን እሱ ይለካል። እርስዎም ቢሆኑ የሚያደርጉት ይህንን ይመስለኛል። አየሁ፣ ራስዎን ነቀነቁ። እሺ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ሻይም የያዘ፣ ወይን ጠጅም የያዘ፣ ባዶ የያዘም ያንሣ። ለመዘግየቱ አንጠጣም፤ ለእሱ ከጠጣን እትዬ ራሳቸው ብርጭቋችንን ይቀሙናል። የምንጠጣው ለጤናቸው ነው። ጉልበታቸው ይጽና፣ ጆሯቸው እንደሰላ ይኑር፣ ባለቤታቸውም «የት ደረስክ?» መባል ይጀምሩ። መልሱን ለመስማት የሚበቃ ዕድሜ፣ ከመልሱም በኋላ ብዙ ዕድሜ ይስጣቸው።

እትዬ፣ ቀለበቱ አሁን እየሞላ ነው፤ ወይም እየሞላ አይደለም። ያወቅሁ ቀን ስልክ አልደውልም፣ ለዳይሬክተሩም አልነግርም፤ ቀጥታ መጥቼ በርዎን አንኳኳለሁ። ፊቴን አይተው ለመገመት አይሞክሩ። ዘግይቶ ከሆነ ዘገየ እላለሁ። ካልዘገየ አልዘገየም እላለሁ፤ ከዚያ ከፈቀዱልኝ ገብቼ አብሬዎት እቀመጣለሁ። ብቻ የትኛውም ይሁን፣ ከእኔ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ሰሚ እርስዎ ነዎት።